ምግብ ለተለየለት ሰው የሚሆን የእርጎ እርሾ

ባልትና የምታውቅ ሴት የእንጀራ እርሾዋን በዋዛ አትመለከተውም። እርሾው ቢበላሽባት ከማን ቤት እንደምትዋስ አስቀድማ ታውቃለች፤ የተዋሰችውንም አሽትታ ካልወደደችው ከሊጧ ጋር አትቀላቅለውም። ወደ እርጎ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀራል። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይረጋል፤ ያረጋው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጤነኞች ብቻ ባሉበት ቤት ይህ አለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ሳይታወቅ ያልፍ ይሆናል። ሐኪም ምግብ ለይቶ ያዘዘለት ሰው ባለበት ቤት ግን ያረጋው ነገር ያልታወቀውን እርጎ ማቅረብ፥ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ መድኃኒት እንደ መስጠት ያለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ዐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ለሕመምተኛ የሚሆን እርጎ ወተቱ ሳይፈላ አይሠራ፤ የፈላው ወተት ደግሞ ዓይነቱ በታወቀ፥ ንጹሕና ሕያው በሆነ እርሾ ካልሆነ በቀር አይርጋ የሚል ነው። ሁለቱ ትእዛዞች የማይነጣጠሉ ናቸው። አንዱን ሰምቶ ሌላውን የተወ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ነገር ያስረዳል።

በቅርብ የምናውቃቸው አንድ መምህር በአንጀት ሕመም ብዙ ጊዜ ሲቸገሩ ቆይተው፥ ሐኪማቸው ያልረጋ ወተትን፥ ስኳርንና ስታርች የበዛባቸውን ምግቦች ለጊዜው ከለከሏቸው፤ በሚገባ የረጋና የኮመጠጠ እርጎ ግን ፈቀዱላቸው። ባለቤታቸው የጤና ትምህርት የሰሙ ብልኅ ሴት ናቸውና ወተቱን አፍልተው በታጠነ ቅል አስቀመጡት። በሁለተኛው ቀን ቅሉ ሲከፈት ወተቱ እርጎ መሆኑ ቀርቶ መራራና ክፉ ሽታ ያለው ነገር ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮዪቱ ጥፋቱ የዕቃው መስሏቸው ቅሉን ዐጥበውና እንደ ገና አጥነው ደገሙት፤ አሁንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ከመደብር የታሸገ እርጎ ገዝተው ከፈላው ወተት ጋር ቀላቀሉ፤ ይህም አልረጋም። በኋላ የማሸጊያው ጽሑፍ ሲነበብ፥ እርጎው ቶሎ እንዳይበላሽ ሲባል ከረጋ በኋላ በሙቀት የታከመ፥ ስለዚህም ሕያው እርሾ ያልቀረበት ሆኖ ተገኘ።

በአራተኛው ጊዜ ወይዘሮዪቱ ተስፋ ቈርጠው ወደ ጥንቱ ልማድ ተመለሱ። ጥሬውን ወተት ሳያፈሉ አስቀመጡት፤ እርሱም እንደሚያምር ሆኖ ረጋ፤ መምህሩም ደስ እያላቸው ጠጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚመላለስ ትኩሳት፥ የሌሊት ላብ፥ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛቸው። ደማቸው ሲመረመር ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንታት ወስደው ዳኑ፤ ነገር ግን ተማሪዎቻቸው ለፈተና ሲዘጋጁ እርሳቸው በአልጋ ላይ ነበሩ።

በዚህ ነገር ጥፋተኛው ማን ነው? ወይዘሮዪቱ እንዳይደሉ ግልጽ ነው። እኛ የጤና ትምህርት የምንሰጥ ሰዎች «ወተት አፍሉ» ብለን ስናበቃ፥ የፈላ ወተት በራሱ ወደ መልካም እርጎነት እንደማይለወጥ አልነገርናቸውም። ግማሽ ትምህርት ሰጥተን ግማሹን አስቀረን፤ ሰሚዋም በግማሹ ትምህርት ሠርተው ወተታቸው ሦስት ጊዜ ቢበላሽባቸው ትምህርቱን ራሱን ቢጥሉት አይፈረድባቸውም። ይህ ጽሑፍ የቀረውን ግማሽ ለመክፈል የታሰበ ነው።

ጥሬ ወተት በራሱ የሚረጋው ከላሚቱ ጡት፥ ከአላቢው እጅ፥ ከዕቃውና ከአየሩ በሚገቡ ረቂቅ ተሐዋስያን ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ወተት የሚኮመጥጠው በሕያዋን ረቂቃን አማካይነት መሆኑን አስረድቷል (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ ተሐዋስያን ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር እየበሉ ወደ ኮምጣጣ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ሲበረታ ወተቱን ያረጋዋል። እንግዲህ ወተቱ ሲፈላ በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን እንደሚሞቱ ሁሉ የሚያረጉትም አብረው ይሞታሉ። የሚተርፉት ሙቀትን የሚቋቋሙ ጥቂት ዘሮች ናቸው፤ እነርሱም ተቀናቃኝ በሌለበት ወተት ውስጥ ሲባዙ ወተቱን ያመርሩታል፤ ያሸቱታልም። በመምህሩ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ቅሉን የወይራ ጪስ ማጠን መዓዛ እንደሚሰጥና አንዳንዶቹን ተሐዋስያን እንደሚያዳክም እውነት ነው፤ ሆኖም ጪስ የእሳትን ሥራ አይሠራም፤ የእርሾንም ሥራ አይሠራም።

«እንግዲያውስ ሳናፈላ እናርጋው፤ ኮምጣጣነቱ በሽታውን ይገድለዋል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ እጅግ የተስፋፋ ስሕተት ነው። የብሩሴሎሲስ ተሐዋስያንና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው የቲቢ ዓይነት በረጋ ወተት ውስጥ ለቀናት በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ። ላሚቱ ጤነኛ መምሰሏም ዋስትና አይሆንም። ለዚህም የማልታ ደሴት ታሪክ ምስክር ነው። በ1887 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ በደሴቲቱ ወታደሮችን የሚያሠቃየውን ትኩሳት የሚያመጣውን ተሐዋሲ አገኘ፤ ነገር ግን በሽታው ከየት እንደሚመጣ ለብዙ ዓመታት አልታወቀም። በ1905 ዓ.ም. የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ቴሚስቶክልስ ዛሚት ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑን ደረሰበት። ፍየሎቹ ሲታዩ ምንም ሕመም አልነበረባቸውም። በ1906 ዓ.ም. ለወታደሮቹ የፍየል ወተት መስጠት ሲቀር በሽታው በመካከላቸው እጅግ ቀነሰ።

በአገራችንም ሁለቱ በሽታዎች በከብቶች መካከል የሚገኙ ናቸው፤ በተለይ የከብት ቲቢ በከተሞች አካባቢ ተጨናንቀው በሚረቡ የተዳቀሉ ላሞች ዘንድ ይበዛል። ስለዚህ ማፍላቱን ልንተወው አንችልም። አዲስ አበባን በመሰሉ ደጋ ከተሞች ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ማፍላቱ በቂ ይሆን እንደ ሆነ መምህራን ይጠይቁናል። በሽታ አምጪዎቹን ለመግደል 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ፥ ወይም 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በቂ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ የደጋው መፍላት ከበቂ በላይ ነው።

ማፍላት የግድ ከሆነ እርሾ መጨመርም የግድ ነው፤ ጥያቄው የትኛውን እንምረጥ የሚለው ነው። በቤታችን ዙሪያ የሚገኙት እርሾዎች አራት ዓይነት ናቸው፤ ስለ እያንዳንዱ ያለንን አስተያየት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ከጎረቤት ወይም ከገበያ የተገኘ፥ ጥሬ ወተት በራሱ ረግቶ የሆነ እርጎ ነው። ብዙ ሰዎች ወተቱን ካፈሉ በኋላ ከዚህ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ይጨምሩበታል፤ በእርግጥም ይረጋል። ነገር ግን በማፍላት ያስወጡትን ጠላት በማንኪያ መልሰው ማስገባታቸው አይደለምን? ለሕመምተኛ ከሚቀርቡት እርሾዎች ሁሉ ልንከለክለው የሚገባ ይህ ነው።

ሁለተኛው ከመደብር የሚገዛ፥ ስኳርም ፍራፍሬም ያልገባበት እርጎ ነው። በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው ይኸው ነው፤ በየከተማው ይገኛል፤ አንድ ኩባያውም ለብዙ ሊትር ይበቃል። ሆኖም ከመግዛት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ግዴታ ነው። ሦስት ነገሮችን እንፈልጋለን፤ ሕያው እርሾ እንዳለበት የሚናገር ቃል፤ ወተትና እርሾ ብቻ የያዘ የጥሬ ዕቃ ዝርዝር፤ ጊዜው ያላለፈበት ቀን። ስኳር፥ ስታርች፥ ጄላቲን ወይም የወተት ዱቄት የተጨመረበትን መተው ይሻላል። በማንኪያ የሚገባው መጠን ጥቂት ነው ቢባልም፥ ምግቡ የተለየለት ሰው ያልታወቀ ነገር በጥቂቱ መልመድ የለበትም።

ሦስተኛው በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው የደረቀ የእርሾ ዱቄት ነው። ጥሩው ዱቄት ዓይነቱ በስሙ የተጻፈ፥ ንጽሕናውም በፋብሪካ የተጠበቀ ስለሆነ ለሕመምተኛ እጅግ ይስማማል። ጉድለቱ ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑና በሙቀት ቦታ ተቀምጦ ከቆየ ኀይሉ የሚደክም መሆኑ ነው። ሌላም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፤ አንዳንዶቹ ዱቄቶች እርሾውን ለመሸከም ሲባል ስኳር፥ ማልቶዴክስትሪን የሚባል ከስታርች የሚሠራ ዱቄት ወይም ኢኑሊን የተባለ የአሠር ዓይነት የተቀላቀለባቸው ናቸው። ስታርች ለተከለከለ ሰው፥ ወይም ኢኑሊን ሆዱን ለሚነፋው ሰው፥ ይህን ሳያዩ መግዛት ገንዘብን ከፍሎ ሕመምን መሸመት ነው።

አራተኛው በመድኃኒት ቤት በእንክብል የሚሸጠው የተሐዋስያን መድኃኒት ነው። አንዳንድ ሰዎች እንክብሉን ከፍተው በወተት ላይ ይበትኑታል። እንክብሉ የተዘጋጀው ለመዋጥ እንጂ ወተት ለማርጋት አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ዓይነቶች አንዳንዶቹ ወተትን አጥብቀው አያረጉም። ወተቱ ሳይኮመጥጥ ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ ለሌላ ብክለት የተመቸ ይሆናል። ስለዚህ ይህን መንገድ አንመክርም።

አሁን ወደ ዓይነቱ እንምጣ። በ1905 ዓ.ም. ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ የቡልጋርያ ተወላጅ በጄኔቭ ሲሠራ ከአገሩ እርጎ ውስጥ ዛሬ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ የምንለውን ተሐዋሲ አገኘ። ይህና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ የተባለው ጓደኛው አንዱ ለሌላው ምግብ እያዘጋጀ ተባብረው የሚሠሩ ናቸው። ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፥ በ2003 ዓ.ም. እንደ ተወሰነው፥ በሁለቱ የረጋው ወተት ነው እርጎ ለመባል የበቃው፤ በአንድ ግራም ውስጥም ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሕያዋን ሊኖሩበት ይገባል።

የወተት ስኳር ሆዳቸውን ለሚያውክባቸው ሰዎች የእነዚህ የሁለቱ ጥቅም የተመሰከረ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ላክቶስን የሚሰባብር ላክቴዝ የሚባል ነገር አለ፤ በብዙ ዐዋቂዎች ዘንድ ይህ ነገር በዕድሜ ይቀንሳል፤ ያልተሰባበረው ላክቶስም ወደ ታችኛው አንጀት ወርዶ ንፋትና ተቅማጥ ያመጣል። የእርጎ ተሐዋስያን ከላክቶሱ ከፊሉን ራሳቸው ይበሉታል፤ የቀረውንም ከተበሉ በኋላ በአንጀት ውስጥ ለመሰባበር ይረዳሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 ዓ.ም. ይህን ጥቅም ተቀብሏል፤ ነገር ግን በአንድ ግራም ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያዋን እርሾዎች ሲኖሩ ነው። እንግዲህ የሞተ እርሾ የያዘ እርጎ ለዚህ ሰው ስሙ ብቻ እርጎ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የጠበቀ አመጋገብ የሚከተሉ ሰዎችም አሉ። በኒውዮርክ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ሲድኒ ሃስ ከሜሪል ሃስ ጋር በ1951 ዓ.ም. ሲሊያክ ስለሚባለው የአንጀት በሽታ መጽሐፍ አሳትሞ፥ እህልን፥ ስታርችንና አብዛኛውን ስኳር የሚከለክል አመጋገብ አስተምሮ ነበር። ኢሌን ጎትሻል የተባለች፥ ልጅዋ በእርሱ ዘንድ የታከመችላት እናት፥ ይህን ትምህርት በ1994 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፍዋ በሰፊው አሠራጨችው። በዚህ አመጋገብ የሚፈቀደው እርጎ ላክቶሱ እንዲያልቅ 24 ሰዓት የረጋ ነው፤ ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ተሐዋስያን ያሉበት እርሾም አይፈቀድም፤ ምክንያቱ በአንጀት ውስጥ ያለ ልክ ይባዛሉ የሚል ነው።

ስለዚህ አመጋገብ ያለንን አስተያየት በግልጥ እንናገራለን። ብዙ ሰዎች እንደ ረዳቸው ይመሰክራሉ፤ ምስክርነታቸውንም አናቃልልም። ነገር ግን ክሮን የሚባለው የአንጀት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በአሜሪካ ተደርጎ በ2021 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ ይህ አመጋገብና አትክልት፥ ዓሣና የወይራ ዘይት የሚበዛበት የሜዲትራንያን አመጋገብ ከስድስት ሳምንታት በኋላ ሲነጻጸሩ፥ አንዱ ከሌላው የበለጠ ሆኖ አልተገኘም። ቢፊዶባክቴሪያን መከልከሉም በሰፊ ምርመራ የጸና አይደለም። ታዲያ በዚህ ክርክር ሕመምተኛው ምን ያድርግ? መልሱ ቀላል ነው። ሁለቱን የእርጎ ተሐዋስያን ብቻ የያዘውን እርሾ ይምረጥ። ይህን የሚከለክል ወገን የለም፤ በጥቅሙም የተመሰከረለት ይኸው ነው። አሲዶፊለስ የተባለው ሦስተኛ ቢጨመርበትም በዚያ አመጋገብ የተፈቀደ ነው። በማሸጊያው ላይ የአሥርና የዐሥራ ሁለት ተሐዋስያን ስም ተደርድሮ ሲያይ ግን ብዛቱ አያስደንቀው፤ ምግብ በተለየለት ሰው ቤት ጥቂትና የታወቀ፥ ብዙና ካልታወቀ ይሻላል።

ከእርሾም ተአምር መጠበቅ አይገባም። በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢልያ ሜችኒኮፍ እርጎ ዕድሜን ያረዝማል ብሎ ማስተማሩ እርጎን በአውሮፓ አስወድዷል፤ በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ግን ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ በደከመው ድካም እንጂ ስለ እርጎ አልነበረም። እርጎ መልካም ምግብ ነው፤ ሐኪምን አይተካም።

እርሾውን በመምረጥ የማይድኑም ሰዎች አሉ። ሰውነቱ የወተትን ፕሮቲን የሚቃወም ባለአለርጂ፥ እርጎው በየትኛውም እርሾ ቢረጋ ያውከዋል። ጋላክቶሴሚያ በሚባለው ከውልደት በሚመጣ ሕመም የተያዘ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ የእርጎ እርሾ ላክቶሱን ሲሰባብር ጋላክቶስ የሚባለውን ክፍል ብዙውን ጊዜ ሳይበላ ይተወዋልና። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ስለ ኮመጠጠ ስኳር የለበትም ብሎ እንዳይሳሳት፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በልክ ይውሰድ። የሰውነቱ መከላከያ በመድኃኒት የተዳከመ ሕመምተኛ ደግሞ ሕያው እርሾ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የአሠራሩ ነገር አጭር ነው። አንድ ሊትር ወተት በንጹሕ ድስት እያማሰሉ ማፍላት፤ ከፈላ በኋላ በዝግታ እሳት አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ማቆየት፤ ይህም እርጎውን ወፍራም ያደርገዋል። ከዚያ ከድኖ ወደ 43 ዲግሪ እስኪወርድ ማቀዝቀዝ ነው። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው በንጹሕ ማንኪያ አንድ ጠብታ በእጁ አንጓ ላይ ያንጠባጥብ፤ ሞቅ ይበለው እንጂ አያቃጥለው። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ሳለ የገባ እርሾ ይሞታል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የገባም ይደክማል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ በጥቂት ወተት አቅጥኖ ከቀረው ጋር መቀላቀል፤ በፈላ ውኃ በታጠበ የጠርሙስ ወይም የብረት ዕቃ አድርጎ መክደን። ቅል በቀዳዳዎቹ ውስጥ የድሮውን ወተት ስለሚያስቀር ለሕመምተኛው አይሁን፤ ለጤነኛው ቤተ ሰብ ግን፥ ወተቱ ይፍላ እንጂ፥ የታጠነው ቅል ክብሩ አይነካም።

ሙቀቱን ለመጠበቅ ፔርሙስ መልካም ነው፤ ወይም ዕቃውን የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አስጠግቶ በጋቢ ጠቅልሎ በሣጥን ማስቀመጥና ውኃውን በየጊዜው መለወጥ ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ ተሐዋስያን ሙቀት ወዳዶች ናቸውና በደጋ ብርድ ያለ ልብስ ከተቀመጡ ሥራቸውን ያቆማሉ። እርጎው ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይረጋል፤ ላክቶሱ አጥብቆ እንዲቀንስ የታዘዘለት ሰው ግን 24 ሰዓት ይጠብቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በስድስተኛው ሰዓት ረጋ ብሎ ለዚህ ሰው ማቅረብ የሐኪሙን ትእዛዝ በችኮላ ማፍረስ ነው። ሁሉን አድርገው ካልረጋ ወተቱን ይመርምሩ፤ ላሚቱ በቅርብ ጊዜ የፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ተሰጥቷት ከሆነ መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ቀርቶ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንዲህ ያለውም ወተት ለማንም ሊሸጥ አይገባም።

ከረጋው እርጎ ማንም ማንኪያ ሳያገባበት ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆነውን እርሾ በትንሽ ንጹሕ ዕቃ ለይቶ በማቀዝቀዣ ማኖር ይገባል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም መጠቀም ነው። ከእርጎ ወደ እርጎ ብዙ ጊዜ የተላለፈ እርሾ የሁለቱ ተሐዋስያን ሚዛን ይዛባበታል፤ ሌላም ይገባበታል፤ ስለዚህ ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ በኋላ አዲስ መግዛት ይሻላል። ሽታው የተለወጠ፥ ሻጋታ ወይም ቀለም ያለበት፥ የሚዝለገለግ ከሆነ ያለ ርኅራኄ ይጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እርጎ በማይሠራበት ቤት፥ እርሾውን በበረዶ ቤት በትንንሹ አድርጎ ማቆየት ወይም ከፋሲካ በኋላ አዲስ መጀመር ነው፤ ረስቶ በመደርደሪያ የቆየውን ማንቃት አይገባም።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኛ ያደግነው ባልፈላ ወተት ነው፤ ምን ሆንን?» ይሉናል። አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ የምንመልሰው ይህ ነው፤ የሚናገሩት የተረፉት ናቸው፤ በልጅነታቸው በትኩሳትና በሳል የሞቱት ወንድሞቻቸው ለመናገር አልቆዩም። ደግሞም ጠንካራ አንጀት የተሸከመውን የታመመ አንጀት ይሸከመዋል ማለት አይደለም። የአባቶቻችን እርጎ ጣዕሙም ክብሩም ይቆይ፤ የምንለውጠው ያላየነውን እንግዳ ሳንጠይቅ ማስገባታችንን ብቻ ነው። ዋጋው በዛ ለሚሉም፥ አንድ ኩባያ እርጎ ለዐሥር ሊትርና ከዚያም በላይ እርሾ እንደሚሆን፥ የብሩሴሎሲስ መድኃኒትና የጠፋው የሥራ ጊዜ ግን በኩባያ እንደማይለካ እናስታውሳቸዋለን።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፥ ይህን ነገር ከቃል ይልቅ በዐይን ማሳየት ለእናንተ ቀላል ነው። በክፍላችሁ ሦስት ንጹሕ ብርጭቆዎች አዘጋጁ። በሦስቱም አፍልታችሁ ለብ ያደረጋችሁትን ወተት አፍስሱ፤ በመጀመሪያው ምንም አትጨምሩ፤ በሁለተኛው አንድ ማንኪያ ሕያው እርጎ ጨምሩ፤ በሦስተኛው አስቀድሞ በውኃ ተበጥብጦ የፈላ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩ። ከድናችሁ በሙቅ ቦታ አስቀምጧቸው፤ በማግሥቱም ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዩትን ይጻፉ፤ ማንም ግን አይቅመስ። የሁለተኛው ብቻ መርጋት እርሾ ምን እንደ ሆነና ሕያው መሆኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ተማሪው ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ «ወተቱን እናፍላው፤ እርሾውንም እኔ ጽሑፉን አንብቤ ልምረጥ» ለማለት ከበቃ፥ የጎደለውን ግማሽ ትምህርት እናንተ ሞላችሁልን ማለት ነው።